የጠጠር ጉር ሙታን

መንዝ ድንጋይ አጥቶ አያውቅም። ቤቱ ድንጋይ፣ የማሳው ካብ ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ ነው። በደቡብ ከሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ ከአዳባይና ከወንጪት ገደል፣ በሰሜን ከቀጨኔ ወንዝ በሚዋሰነው ደጋ፣ ቀጨኔን ተሻግሮም በግሼ፣ ሣር ለብሶ የተቀመጠ የድንጋይ ክምር ማየት ብርቅ አይደለም። መንገደኛ ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የከመረው መስሎት ያልፈዋል። ከእነዚህ ክምሮች አንዳንዶቹ ግን ታስቦባቸው የተሠሩ መቃብሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሲሠሩ ንጉሥ ላሊበላ ገና አልተወለዱም ነበር። ታሪካቸውን ከመነሻው ልናገር። ዓመታቱ፣ በመጨረሻ ከምጠቅሰው አዋጅ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ10ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ኃይል ደክሟል። የዐረቡ መልክዐ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በዚያ ዘመን ሐበሻን 30 ዓመት ያህል የገዛች፣ ንጉሡንም የገደለች ንግሥት እንደነበረች ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ የሐበሻው ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከውን የጭንቅ ደብዳቤ ያወሳል፤ አገሩ ተቃጥሏል፣ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰዋል፣ ጳጳስም የለም። ይህች ንግሥት በእኛ አፈ ታሪክ ጉዲት ናት። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በዐረብኛው ጽሑፍ የተበላሸውን የሕዝቧን ስም ሲያቃና ዳሞት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። ጉብታዎቹን ከእርሷ ጋር ለማጋባት የሚቸኩል አይጠፋም። እኔ አልቸኩልም፤ በመቃብሮቹ ውስጥ ስሟን የያዘ አንድም ነገር የለምና። ከጽሑፎቹ የሚያዘው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ከክርስቲያኑ ግዛት ውጭ በዚያ ዘመን መንግሥት የሚያናጋ ጉልበት የነበራቸው፣ ክርስቲያን ያልሆኑ ሕዝቦች ነበሩ።

በዚሁ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው በመንዝ ምድር ድንጋይ የሚክቡ ሰዎች ሥራ የጀመሩት። ከሥራዎቻቸው በደንብ የታወቀው ጠጠር ጉር ነው። ከውጭ ሲያዩት ጉብታ ነው። ከውስጡ ግን ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ የተገነባ ክፍል አለ። ጣሪያው ሰፋፊ ጥርብ ድንጋይ ተጋድሞበት የተሠራ ነው። ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ቆሞ የሚሄዱበት አይደለም። በዚህ ሁሉ ላይ ድንጋይና አፈር ተቆልሎበታል።

መተላለፊያው የጉብታው ቁልፍ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቀብረው ለዘላለም ሊዘጉት ቢያስቡ ኖሮ መግቢያ መሥራት ባላስፈለጋቸው፤ ከላይ አውርደው ይደፍኑት ነበር። መግቢያ የሚሠራ ተመልሶ ለመምጣት ያሰበ ሰው ነው። አንዱ ይሞታል፣ በሩ ይከፈታል፣ አስከሬኑ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ ሌላው ይከተላል። የቀደመው አጥንት ወደ ጎን ገፋ ይደረግና ለአዲሱ ቦታ ይለቀቃል። ቆፋሪዎቹ ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው የተቀበሩ ብዙ ሰዎች። ዘመዳሞች ነበሩ ማለት ይቀላል፤ ቢያንስ አብረው መቀበርን መብታቸው ያደረጉ ሰዎች ነበሩ።

ባዶ እጃቸውንም አልተሸኙም። አጠገባቸው የሸክላ ዕቃ፣ የብረት መሣሪያ፣ የማዕድን ጌጣጌጥና ዶቃ ተቀምጦላቸዋል። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ዶቃው ነው። የመስታወት ዶቃ በመንዝ አልተሠራም። እያንዳንዱ ዘለላ ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ ወደብ ላይ ወርዶ፣ ቆላውን በግመል አቋርጦ፣ ገደሉን በአህያ ወይም በሰው ጀርባ ወጥቶ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ያመጣው ነጋዴ በምትኩ የሚወስደው ነገር ከደጋው ሰዎች ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ዓለም የረሳቸው ጎስቋሎች አድርጎ መሳል አይቻልም። ጌቶች ነበሩ፤ ወይም ከጌቶች ተወልደዋል።

ነጋዴዎቹ ከየት እንደሚመጡ መገመት አያስቸግርም። ከመንዝ በስተምሥራቅ፣ ገደሉ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት በኩል፣ ሙስሊም መሳፍንት ነበሩ። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ያሳተመው የሸዋ ሱልጣኔት አጭር ዜና መዋዕል የዚያን ዘመን ወሬ በጥቂት መስመሮች ያቀብለናል። በ1128 አማሮች ከወርጅህ ምድር እንደሸሹ ይነግረናል። በ1285 ደግሞ የይፋቱ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ውጦ ያበቃለታል። በሰሜን በኩል ዛጉዌዎች በላስታ ዓለት እየፈለፈሉ ነበር። በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ይዘው የክርስቲያኑን ኃይል ወደ ደቡብ አዘነበሉት። የመንዝ ጉብታ ሠሪዎች እንግዲህ በሁለት እያደጉ ባሉ ኃይሎች መካከል ነበሩ። ከሁለቱም ዕቃ ይቀበሉ ይሆናል፤ ሃይማኖት ግን ለጊዜው ከማንም አልተቀበሉም።

ጊዜው ግን እየጠበበባቸው ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከጽላልሽ ተነሥተው በሸዋ ያስተምራሉ። ገድላቸው ጠንቋዮችን ሲያሳፍሩ፣ የሚመለክ ዛፍ ሲያስቆርጡና ከዳሞቱ ንጉሥ ከሞተለሚ ጋር ሲጋጠሙ ያሳያቸዋል። አቡነ ዜና ማርቆስ ደግሞ የሞረትን አገር ይዘው ደብረ ብሥራትን መሠረቱ። ሞረት ከመርሐ ቤቴ ጋር የጀማን ሸለቆ የሚጋራ አገር ነው። ገድል የሚጻፈው ለቅዱሱ ክብር ስለሆነ ስለ ተቃራኒው ወገን መልካም አይወራበትም። አምላኪዎቹ ምን ይበሉ፣ ምን ይልበሱ፣ ሙታናቸውን እንዴት ይሸኙ የሚለው ለጸሐፊው ደንታው አይደለም። ቢሆንም ገድላቱ አንድ እውነት አቆይተውልናል፤ የሸዋ ደጋ ሰባኪ ሲመጣበት ባዶ መሬት አልነበረም። የራሱ ካህናት፣ የራሱ መሳፍንት ነበሩት።

ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1314 ነገሡ። ዳሞትንና ሐዲያን አስገበሩ፤ በ1332 በይፋት ላይ ዘመቱ። በ1337 ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ከደብረ ሊባኖሱ አበምኔት ከአቡነ ፊልጶስ ጋር ሆነው የሸዋን አገሮች ለደቀ መዛሙርት አከፋፍለው እንዲያስተምሩ አሰማሩአቸው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ይህን ዘመን በዝርዝር ተርከውታል፤ ሠራዊቱ በሄደበት መነኩሴው፣ መነኩሴው በሄደበትም ሠራዊቱ ይከተል ነበር። የመንዝ ጉብታዎችም የሚያበቁት በዚሁ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ማንም ቁሙ ብሎ እንዳዘዘ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ክርስቲያን የሆነ ልጅ አባቱን በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ብቻውን፣ ያለ ዶቃና ያለ ጦር ይቀብራል። አንድ ትውልድ እንዲህ ካደረገ የጉብታው በር የሚከፍተው አያገኝም።

የቀድሞው እምነት ግን በአንድ ቀን አልጠፋም። ከመንዝ ብዙም በማይርቀው በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ደስክና ዲኖ የሚባሉትን የሚያመልኩትን አሳደዋል፤ ሕዝቡም ሰይጣንን መካዱን የሚመሰክር ጽሕፈት በአካሉ ላይ እንዲያደርግ አዘዋል። ጠላት የሌለው ንጉሥ እንዲህ ያለ አዋጅ አያወጣም። ከመጨረሻዎቹ ጉብታዎች መቶ ዓመት ያህል በኋላ እንኳ ንጉሠ ነገሥቱን እንቅልፍ የሚነሣ የአሮጌ አምልኮ ቅሪት ነበር ማለት ነው።

መንዝ አሁን የክርስቲያን አገር ሆኗል። በመሻላ ማርያም አካባቢ በገብርኤል ስም የታነጸ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተቆፍሮ ተጠንቷል። የአካባቢው የክርስቲያን ቅርሶች ታሪክ ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይዘልቃል፤ ጥናቱም በ2012 በማሪ ሎር ዴራና በአን ማሪ ዡካን አዘጋጅነት በመጽሐፍ ታትሟል። በዚያው አገር ጥንታዊ የመቃብር ጉብታም ተቆፍሯል። መንዝን ያላየ ሰው ይህን አጋጣሚ ላያስተውለው ይችላል። አንዱ ዘመን ሌላውን ሩቅ ሄዶ አልተካውም፤ እዚያው መሬት ላይ ቆሞ ተካው።

ቀጥሎ የመጣው መከራ የሁለቱንም ትዝታ በታተነው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ፣ በ1531 ደግሞ አንጾኪያ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ግራኝ በሚባለው በኢማም አሕመድ እጅ ተሸነፈ። በዚያው በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ጦርነቱ ሲበርድ የኦሮሞ መስፋፋት መጣ። ሸዋ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተቆርጦ ቀረ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የመንዙ ነጋሢ ተነሥቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት ሲመሠርት የአገሩ ሰው ብዙ ተሰዶ፣ ብዙ ተቀላቅሎ ነበር። በተረበሸ መሬት ላይ እንደ አዲስ የሚሰፍር ሰው የማንን መቃብር እንዳገኘ የሚነግረው አያት የለውም።

ትዝታ ሲቋረጥ ግምት ቦታውን ይይዛል። በአገራችን ለማይታወቅ ድንጋይ የሚሰጠው ባለቤት ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ግራኝ ነው፣ ወይ ግዙፋን ናቸው። የጢያን ትክል ድንጋዮች የሶዶ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸው ነበር፤ በእነርሱ ሥር የተቀበሩት ብዙዎቹ ግን ኢማሙ ሳይወለድ አፈር የለበሱ ናቸው። በይፋት በኩል የፈረሱ መስጊዶችና ግንቦች አርላ ለሚባሉ የጥንት ሰዎች ይሰጣሉ። በሐረርጌ ሐርላ የሚባሉት ናቸው፤ ሲተረክላቸው ቁመታቸው ከሰው በላይ ይሆናል። ምሽግ፣ የእህል ጎተራ፣ የነገሥታት ግምጃ ቤት የሚል ግምትም ጉብታ ባለበት ሁሉ አይጠፋም። ከሁሉ የሚጎዳው የግምጃ ቤቱ ነው፤ ወርቅ አለ የተባለ ጉብታ ሌሊት ይቆፈራልና።

የውጭ ሰዎችም ለብዙ ጊዜ መንዝን አልፈውት ይሄዱ ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ከተማ አንኮበርን ለቆ በ1842 በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ወሎ ተጓዘ፤ ወሎ ሲደርስ የአካባቢው ገዥ አዳራ ቢሌ ዘረፈው፤ ጉዞው የሚታወሰውም በዚህ ነው። በ1920ዎቹ አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር የኢትዮጵያን ትክል ድንጋዮችና መቃብሮች ሲመዘግቡ ዓይናቸው ደቡብና ምሥራቅ ላይ ነበር። ሁለት ቅጽ ሥራቸው በ1931 ወጣ። ከእነርሱ በኋላ ሮዤ ዡሶም በሐረርጌ ጨርጨር የድንጋይ መቃብሮችን ቆፍረው በ1974 አሳተሙ። ከእነዚያ መካከል ኦሮሞው ደጋ ቱሊ የሚላቸው የድንጋይ ክምሮች ነበሩ፤ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ይገመታሉ። ፍራንሲስ አንፍሬ ደግሞ በደቡብ ሸዋና በሲዳሞ ያሉትን ሐውልቶች ቆጥረው በ1982 ጻፉ። ጢያ በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ እዚያ ካሉት 36 ሐውልቶች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው።

መንዝ በበኩሉ የታወቀው በሕያዋኑ ነበር። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ መንዝ ድረስ ዘልቆ የሰዉን ጠባይ አጥንቶ በ1965 ሰምና ወርቅን አሳተመ። ለሙታኑ ተራው የደረሰው ወደ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ፍራንሷ ዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒዬ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ መንዝና ወደ ግሼ ወጡ። ፗሶኒዬ ለድንጋይ አዲስ አይደለም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአክሱም ከግዙፎቹ ሐውልቶች ሥር ቆፍሮ አወዳደቃቸውን መርምሯል። ጉብታ መቆፈር ከዚያ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ድንጋዩ አንድ በአንድ ይነሣል፣ እያንዳንዱ ደረጃ ይሳላል፣ አፈሩ በወንፊት ይነፋል። ከሽንብራ ፍሬ የምታንስ ዶቃ በአካፋ አትታይም፤ ወንፊት ላይ ቀርታ ነው የምትገኘው። ገመዱ በስብሶ ስለጠፋ ዶቃዎቹ ተበትነዋል፤ የት እንደወደቁ ከተመዘገበ ግን በአንገት ላይ ነበሩ ወይስ በእጅ የሚለውን መመለስ ይቻል ይሆናል። ለዚህ ነው ሌሊት የቆፈረ ሰው ወርቁን ባያገኝም ታሪኩን ይዞ የሚሄደው።

የመቃብሮቹ ዕድሜ የታወቀው በካርበን 14 ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ይህን ካርበን ከአየርና ከምግብ ይሰበስባል፤ ሲሞት መሰብሰቡን ያቆማል፤ ያጠራቀመውም በ5,730 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ሲለካ የሞተበት ጊዜ ይሰላል። ውጤቱ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ወደቀ። በዚህ አንድ መልስ ግራኝ ከነገሩ ወጣ፤ ከመጨረሻዎቹ ጉብታዎች እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቷል። ግዙፋኑንም አጥንቱ አሰናበታቸው፤ የተገኘው የሰው አጥንት ነው።

የሃይማኖቱን ጥያቄ የመለሰው ግን የአቀባበሩ ሥርዓት ነው። ክርስቲያን ሙታኑን በየብቻቸው፣ ራሳቸውን ወደ ምዕራብ አድርጎ ያሳርፋል። ሙስሊም በቀኝ ጎን አስተኝቶ ፊትን ወደ መካ ያዞራል። ሁለቱም ለሟች ዕቃ አያስቀምጡም። ጠጠር ጉር ከሁለቱም አይገጥምም። ቆፋሪዎቹ ይህን ሥልጣኔ በአካባቢው በሚፈስሰው ወንዝ የሻይ ባህል ብለው ሰየሙት። በ2012 በፈረንሳይኛ መጽሐፍ፣ በ2016 ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አቀረቡት። ስማቸው የጠፋባቸው ሰዎች እስከዚያ ድረስ በገድላቱ ውስጥ አረማውያን ብቻ ነበሩ፤ አሁን ቢያንስ የወንዝ ስም አገኙ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ከገደሉ ሥር የሌላው ወገን ማስረጃ መጥቶ ነበር። በይፋት ኖራ፣ አስባሪና መሳል የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ ከነመስጊዶቻቸው ለዓለም ምሁራን ተገለጠ። እነዚህ ከተሞች ያሉት ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ወደ ባሕር በሚያወጣው የንግድ መስመር ነው። ከላይ የመንዝ ሙታን ከነዶቃቸው፣ ከታች የይፋት ነጋዴዎች ከነመስጊዳቸው፣ በሰሜን ላሊበላ። ሦስቱን አንድ ላይ ስናይ የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ በትምህርት ቤት ከተማርነው የክርስቲያንና የሙስሊም ግጥሚያ ትሰፋለች። ሦስተኛ ወገን ነበራት፤ ያውም ደሃ ያልሆነ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የጉብታዎቹ ታላቅ ዋጋ ድንጋያቸው እንዴት ተነሣ በሚለው ላይ አይደለም፣ ይህን ሦስተኛ ወገን በማቆየታቸው ላይ ነው። የዛሬው መንዜ ከእነዚህ ሰዎች ደም አይወርድም ብሎ የሚምልም ካለ ምን ይዞ እንደሚምል ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ከጉብታዎቹ ገና ያልተነኩት ብዙ ናቸው። ድንጋያቸው ለካብና ለቤት ይፈለጋል፤ በአጠገባቸው ይታረሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካ ጠብቆ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ ሞፈርህ ከካብ ክፍል ወይም ከዶቃ ጋር የተገናኘ ወንድሜ፣ ዶቃውን ለገበያ አታውጣው፤ ጉድጓዱንም አታስፋው። እንደነበረ አልብሰህ ለወረዳህ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገር።